ዝቅ ያለው ቁጥር ከዘር ነው ወይ?

በአዳማ ከተማና በዙሪያዋ ገጠር የሚማሩ 174 ልጆች ደም ተመርምሮ ውጤቱ በ2015 ታተመ (እዚህ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አጥኚዎቹ በርእሱ ላይ «የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ» የሚለውን የቱሪዝም መፈክራችንን አስገቡበት። ትንሽ ሽሙጥ ሳይኖርበት አይቀርም። ከመቶ 42ቱ ልጆች ቫይታሚን ዲ የጎደላቸው ሆነው ተገኝተዋልና። ለብቻ ሲታዩ የከተሞቹ 61.8 በመቶ፣ የገጠሮቹ 21.2 በመቶ ነበሩ።

ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ስቶክሆልም የሚኖረው አበሻም ይህን ወሬ ያውቀዋል። ለዓመታዊ ምርመራ ሄዶ «ቫይታሚን ዲዎ ዝቅ ብሏል» ተብሎ ክኒን ይዞ የተመለሰ ዘመድ የሌለው ጥቂት ነው። ከዚያ ቡና ላይ ጥያቄው ይነሣል፦ ከዘር ነው ወይ? ጥቁር ስለሆንን ነው?

አጭሩ መልስ፣ ዘር ድርሻ አለው የሚል ነው፤ ይህ ከ2010 ወዲህ የሚያከራክር አይደለም። ረጅሙ መልስ ግን እንዲህ ቀጥ ያለ አይደለም። ጥናቶቹን ተራ በተራ ሳያቸው፣ የጂን ምርምር በብዛት ያሳወቀን ማን እንደጎደለው ሳይሆን የላብራቶሪው ቁጥር ምን ያህል እንደሚታመን ነው ወደሚል ሐሳብ አዘነብላለሁ።

መጀመሪያ መንገዱን እንይ። ቆዳችን ውስጥ 7-ዲሃይድሮኮሌስትሮል የሚባል፣ ሰውነት ኮሌስትሮል ለመሥራት የሚጠቀምበት ንጥረ ነገር አለ። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ቢ ጨረር ሲያርፍበት ወደ ቫይታሚን ዲ3 ይለወጣል። ዲ3 ደም ውስጥ ገብቶ ጉበት ሲደርስ አንድ ኢንዛይም ይቀይረውና 25-ሃይድሮክሲ ቫይታሚን ዲ ያደርገዋል፤ ሐኪም «ቫይታሚን ዲ» ብሎ ሲያዝ ላብራቶሪ የሚለካው ይህን ነው። በመጨረሻ ኩላሊት ወደ ሥራ ፈጻሚው ሆርሞን ይለውጠዋል፤ ሆርሞኑም አንጀት ከምግብ ካልሲየምና ፎስፈረስ እንዲመጥ ያደርጋል። ሲተርፍ የሚሰባብረው ሌላ ኢንዛይም አለ። በደም ውስጥ ደግሞ ብቻውን አይዞርም፤ ከመቶ 85 እስከ 90 የሚሆነው ጉበት በሚሠራው ተሸካሚ ፕሮቲን ላይ ተጣብቆ ነው የሚጓዘው።

እያንዳንዱ እርምጃ የራሱ ጂን አለው። ዲኤችሲአር7 የቆዳውን ጥሬ ዕቃ ወደ ኮሌስትሮል ይወስደዋል፤ ማለት ከፀሐይ ጋር ይሻማል። ሲዋይፒ2አር1 የጉበቱ፣ ሲዋይፒ27ቢ1 የኩላሊቱ፣ ሲዋይፒ24ኤ1 የሰባባሪው ነው። ተሸካሚውን የሚሠራው ጂን ጂሲ ይባላል። እነዚህን አምስት ስሞች የያዘ አንባቢ የቀረውን ያለ ችግር ይከተላል።

ሳይንቲስቶች ጂን በጂን መፈተሽ ከመቻላቸው በፊት የነበራቸው መሣሪያ መንትያ ነበር። ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮች ቁጥራቸው ከሌሎች መንትዮች ይበልጥ የሚቀራረብ ከሆነ፣ ብልጫው ለዘር ይቆጠራል። ከእነዚህ ጥናቶች ሁለቱ ጎን ለጎን ሲነበቡ ያስገርማሉ። በ2009 የታተመ የስዊድን ጥናት፣ በበጋ በሰዎች መካከል ካለው ልዩነት 48 በመቶውን ዘር እንደሚያብራራ፣ በክረምት ግን የዘር ድርሻ ከቁጥር እንደማይገባ ጻፈ (በጋና ክረምት ስል የእነሱን ማለቴ ነው)። በዓመቱ፣ በቬትናም ጦርነት ዘመን ያገለገሉ 510 አሜሪካውያን ወንድ መንትዮችን የመረመረ ቡድን ግልብጡን አገኘ፦ በክረምት 70 በመቶ የዘር፣ በበጋ ዘር ምንም።

ማን ተሳሳተ? ማንም ላይሆን ይችላል። ስዊድን ውስጥ በክረምት ቫይታሚን ዲ የሚሠራው ጨረር ከሰማይ ጠፍቶ ይሰነብታል፤ ያኔ ሰውን ከሰው የሚለየው ዓሣና ክኒን ነው። በጋ ሲመጣ ሁሉም ፀሐይ ላይ ይወጣል፣ የእያንዳንዱ ሰውነት ችሎታም ይታያል። አሜሪካ ላይ ደግሞ በበጋ አንዱ እርሻ ላይ ይውላል፣ ሌላው አየር ማቀዝቀዣ ያለበት ቢሮ ውስጥ፤ ልዩነቱን አኗኗር ይውጠዋል። ክረምት ሁሉንም ቤት ሲያስገባ ጉበቱና ተሸካሚው ፕሮቲን የየራሳቸውን ልዩነት ያሳያሉ። ይህ ማብራሪያ የእኔ ግምት ነው፤ ግን ከእነዚህ ቁጥሮች አንድ ነገር ያለ ግምት ይወጣል። «የዘር ድርሻ ይህን ያህል በመቶ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር የትና መቼ ተብሎ ካልተጨመረበት ትርጉም የለውም። ሰባ በመቶ ማለት አንድ ሰው ካለው ቫይታሚን ውስጥ ሰባው ከእናት ከአባቱ መጣ ማለት አይደለም፤ በእነዚያ ሰዎች መካከል፣ በእነዚያ ወራት፣ የታየው ልዩነት በዚያ መጠን ከዘር ልዩነት ጋር ሄደ ማለት ነው።

በ2010 ነገሩ ተለወጠ። መላውን የዘረመል ካርታ በአንድ ጊዜ የሚያስሱ ሁለት ቡድኖች በተከታታይ ውጤታቸውን አወጡ። ትልቁ ሰንላይት የተባለው ጥምረት ነው፤ ከ30,000 በላይ አውሮፓዊ የዘር ሐረግ ያላቸው ሰዎችን መረጃ አሰባስቦ በላንሴት መጽሔት አሳተመ። ጎልተው የወጡት ጂሲ፣ ዲኤችሲአር7 እና ሲዋይፒ2አር1 ነበሩ። ማንም ሳይጠቁማቸው፣ ከመላው ጂኖም መካከል፣ የባዮኬሚስትሪ መጽሐፍ ቀድሞ የሚያውቃቸው እነዚሁ ጂኖች ብቅ ማለታቸው ዘዴው እንደሚሠራ ጥሩ ምስክር ሆነ። ቁጥር ዝቅ የሚያደርጉትን ቅጂዎች በብዛት የወረሱ ሰዎች ጥቂት ከወረሱት ጋር ሲነጻጸሩ እጥረት የመታየቱ ዕድል እጥፍ ገደማ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የናሙናው መጠን ብቻ አደገ ማለት ይቻላል። በ2018 ወደ 79,000 ሰዎች ተጠንተው የታወቁት ሥፍራዎች ስድስት ደረሱ። በ2020 የእንግሊዙ ዩኬ ባዮባንክ መረጃ ሲከፈት ሁለት ቡድኖች ከ400,000 በላይ ሰዎችን መረመሩ፤ አንዱ 69፣ ሌላው 143 የዘረመል ሥፍራ ቆጠረ። ከአዲሶቹ መካከል እኔን የሳበኝ ኤችኤኤል የሚባለው ነው። ይህ ጂን የሚሠራው ኢንዛይም በላይኛው ቆዳ ውስጥ አልትራቫዮሌት የሚመጥ አሲድ እንዲገኝ ያደርጋል፤ ሰውነት ራሱ የሚያዘጋጀው የፀሐይ መከላከያ መሆኑ ነው። ሌሎቹ በብዛት ከስብ አያያዝና ከጉበት ሥራ ጋር የተያያዙ ናቸው። እነዚህ የተለመዱ የዘረመል ልዩነቶች ሁሉ ተደምረው የሚያብራሩት ከ13 እስከ 16 በመቶ ያህሉን ነው። ከመንትዮቹ 70 ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። የቀረው ያልተገኙ ብርቅ ልዩነቶች ውስጥ ይሁን፣ ወይም የመንትያው ስሌት ከመጀመሪያው የተጋነነ ይሁን፣ ገና ይከራከሩበታል።

ከዝርዝሩ የጠፋ አንድ ስም አለ። ቪዲአር፣ ማለት ሴሎች ሆርሞኑን የሚቀበሉበት ፕሮቲን ጂን፣ በ2010ሩ ጥናቶች ከዋናዎቹ መካከል አልነበረም። ይህ ጂን በ1994 ኔቸር መጽሔት ላይ «የአጥንት ጥንካሬን የሚወስን» ተብሎ ስሙ ገንኖ ነበር፤ በኋላ ጽሑፉ ራሱ እርማት ወጣበት። በ2006 በአውሮፓ 26,242 ሰዎች ላይ የተደረገ ፍተሻም ዝነኞቹ የቪዲአር ልዩነቶች ከአጥንት ጥግግትም ከስብራትም ጋር ግንኙነት እንደሌላቸው አሳየ። እንዲያም ሆኖ በፖስታ ምራቅ ተቀብለው «የቫይታሚን ዲ ጂንዎን እንነግርዎታለን» የሚሉ ነጋዴዎች ዛሬም ቪዲአርን ከዝርዝራቸው አላወጡትም።

ወደ ጂሲ እንመለስ፤ የዚህ ዳሰሳ ሆድ እዚህ ነው። ከተለመዱት ልዩነቶች መካከል ከፍተኛ ተጽዕኖ ካላቸው አንዱ፣ ቫይታሚኑን የሚሠራ ወይም የሚያጠፋ ጂን ሳይሆን የሚሸከመው ነው። ታክሲ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ገና ሥራ ቦታው አልደረሰም፤ ተሸካሚው ላይ የተጣበቀው ቫይታሚንም እንደዚያው ነው። ወደ ብዙዎቹ ሴሎች የሚገባው ነፃው ጥቂት ክፍል እንደሆነ ይታመናል። ላብራቶሪ የሚቆጥረው ግን ሁሉንም በጅምላ ነው። እንግዲህ በተፈጥሮው ጥቂት ተሸካሚ ያለው ሰው ነፃው ክፍል ሳይጎድልበት ጠቅላላው ቁጥር ብቻ ሊያንስ ይችላል።

በ2019 ለኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የቀረበ አንድ የሕክምና ታሪክ ይህን እስከ ጥጉ አሳየ። አንዲት ሴት ከሁለቱም ወላጆቿ የጂሲ ጂን የሌለበት ክሮሞዞም ወርሳ፣ ደሟ ውስጥ ተሸካሚው ፕሮቲን ጨርሶ አልነበረም። 25-ሃይድሮክሲ ቫይታሚን ዲም ሊለካ የሚችል አልተገኘም፤ ክኒንም መርፌም አላነሣውም። በተለመደው ሚዛን ከባድ እጥረት ነው። የደሟ ካልሲየም ግን ደኅና ነበር።

የጥቁር አሜሪካውያን ነገር ደግሞ አለ። በአማካይ ከነጮቹ ያነሰ ቁጥር አላቸው፤ አጥንታቸው ግን ይበልጥ የጠጠረ ነው፣ ስብራታቸውም ያነሰ። በ2013 በባልቲሞር ከ2,000 በላይ ሰዎችን ያጠና ቡድን መልሱን ያገኘው መሰለ። የጥቁሮቹ አማካይ 15.6፣ የነጮቹ 25.8 ናኖግራም በሚሊሊትር ነበር፤ ተሸካሚ ፕሮቲኑም በጥቁሮቹ ግማሽ ያህል ሆኖ ተለካ። ስለዚህ ነፃው ክፍል እኩል ነው፣ ጎደለ የተባለው አልጎደለም ተባለ። ወሬው ብዙ ጋዜጣ ላይ ወጣ።

ከዚያ መለኪያው ተመረመረ። የተሸካሚው ፕሮቲን ሦስት የተለመዱ ዓይነቶች አሉት፤ ከእነሱ ጂሲ1ኤፍ የሚባለው አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ዘንድ ይበዛል። ጥናቱ የተጠቀመበት ፀረ እንግዳ አካል ግን ይህን ዓይነት በደንብ አይዝም ነበር። በሌላ ዘዴ፣ በማስ ስፔክትሮሜትሪ ሲለካ፣ የተሸካሚው መጠን በጥቁርና በነጭ ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ። ለነጮች የተስማማ መሣሪያ የጥቁሩን ፕሮቲን ሳያየው አልፎ ነበር። ስለዚህ ነፃው ክፍልም በጥቁሮቹ ዝቅ ያለ ነው ማለት ነው፤ አጥንታቸው ለምን እንደጠነከረ ግን ጥያቄው ባለበት ቀረ። እኔ ከዚህ የምይዘው፣ ቁጥሩ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ትርጉም እንዳለው አድርጎ መናገር ድፍረት መሆኑን ነው። ድንበሩም ቢሆን የተቆረጠ አይደለም። በ2011 አንድ የአሜሪካ ተቋም 20 ናኖግራም ይበቃል ሲል የኢንዶክሪን ሐኪሞች ማኅበር በዚያው ዓመት 30 አለ፤ በ2024 ማኅበሩ የራሱን 30 ተወው።

ታዲያ ቆዳችንስ? ሜላኒን ጨረሩን እንደሚመጥ፣ ጥቁር ቆዳ ለተመሳሳይ ቫይታሚን ረዘም ያለ ፀሐይ እንደሚፈልግ የታወቀ ነው። የቆዳ ቀለምም ከዘር ነው። ግን እኛ ጋ «ጥቁር» አንድ ነገር አይደለም፦ በ2017 በሣራ ቲሽኮፍ የሚመራ ቡድን ከኢትዮጵያ፣ ከታንዛኒያና ከቦትስዋና ሰዎችን አጥንቶ፣ ቆዳን የሚያቀሉም የሚያጠቁሩም ልዩነቶች አፍሪካ ውስጥ ጎን ለጎን እንደሚኖሩ አሳይቷል። አውሮፓዊ ተብሎ የሚታሰበው ኤስኤልሲ24ኤ5 የተባለው የቅላት ጂን ቅጂ በምሥራቅ አፍሪካ ከጥንት ጀምሮ ብዙ ሰው ውስጥ አለ።

ከሁሉ በላይ ግን ታንዛኒያ የሚኖሩት ማሳይና ሐድዛ አሉ። በ2012 የታተመ ጥናት ባህላዊ ኑሯቸውን የሚኖሩትን ሲለካ አማካያቸው 115 ናኖሞል በሊትር ሆነ፤ በሌላው መለኪያ ወደ 46 ናኖግራም። ብዙ አውሮፓዊ የማይደርስበት ቁጥር ነው። ቆዳቸው ጥቁር ነው፤ ግን ውጭ ይውላሉ። አዳማም ላይ የከተማውና የገጠሩ ልጅ በቆዳ ቀለም የሚለያይ አይደለም፣ የከተማው እጥረት ግን ከገጠሩ ሦስት እጥፍ ነው። ጥቁር ቆዳ ቁጥር የሚያሳንሰው ከፀሐይ ሲለይ ነው ማለት ነው፤ በክፍል፣ በፎቅ፣ በልብስ ወይም በሰሜን ኬክሮስ። ወደ እስራኤል በገቡ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ላይ እጥረቱ እንደሚበዛ፣ በእርግዝናና በማጥባት ጊዜ ደግሞ እንደሚብስ በ1995 ሲጻፍ፣ ሴቶቹ ይዘው የሄዱት ጂን አገር ቤት የነበረውን ነው። የተለወጠው ሰማዩና አዋዋሉ ነበር።

በ1997 ላንሴት ላይ የታተመውን የሉሉ ሙሔንና የባልደረቦቹን ጥናት የሕፃናት ሐኪሞቻችን አይረሱትም። አዲስ አበባ በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል በሳንባ ምች ከተኙ 500 ልጆች 210ሩ ሪኬትስ የሚባለው የአጥንት መልፈስፈስ ሕመም ነበረባቸው፤ ሳንባ ምች ከሌላቸው 500 ግን 20ው ብቻ። የተለሰለሰ የጎድን አጥንት መተንፈስን ያከብዳል። ሪኬትሱ የመጣው ከምግብና ከፀሐይ እጥረት ነው፤ ጨቅላውን ዓይን እንዳይበላው፣ ብርድ እንዳይመታው ብሎ ጠቅልሎ ቤት ማዋል የታወቀ ልማድ ነው። እዚህ ላይ «ከዘር ነው» የሚል መልስ ከስሕተትም በላይ ነው፤ እናትየዋን ልትሠራው ከምትችለው ነገር ያዘናጋታል።

ጂኖቹ ሌላ፣ ያልታሰበ ጥቅም ሰጡ። ሰው ጂኑን የሚያገኘው ከመወለዱ በፊት ስለሆነ፣ ዝቅተኛ ቁጥር የወረሱትን ከሌሎች ጋር ማነጻጸር ሕመም ራሱ ቁጥሩን አወረደው ከሚለው ጥርጣሬ በመጠኑ ነፃ ያወጣል። በዚህ መንገድ በ2013 ወደ 42,000 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት፣ ውፍረት ቫይታሚን ዲን ዝቅ እንደሚያደርግ፣ የቫይታሚን ዲ ማነስ ግን እንደማያወፍር አሳየ፤ የሰውነት ክብደት ልኬት 10 በመቶ ሲጨምር ቁጥሩ 4.2 በመቶ ይወርዳል። በ2015 ደግሞ በዘር ዝቅተኛ ቁጥር ያላቸው ሰዎች መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለው የነርቭ ሕመም ይበልጥ እንደሚይዛቸው ታየ፤ ይህ ከሌሎች ጥናቶችም ተደግፎ የቆመ ነው። ለልብ፣ ለስኳርና ለአብዛኛው የካንሰር ዓይነት ግን ጂኖቹ ዝም አሉ። ቫይታል የተባለው የአሜሪካ ሙከራም 25,871 ሰዎችን ይዞ፣ በቀን 2,000 ዩኒት ሰጥቶ፣ በ2018 ካንሰርንም የልብ ሕመምንም እንዳልቀነሰ አስታወቀ። ከዚህ የተለየ ተስፋ የሰጠ አንድ ትልቅ የጂን ጥናት በ2021 ወጥቶ ነበር፦ በጣም የጎደላቸውን ክኒን ከሞት ያድናቸዋል የሚል። ስሌቱ ጉድለት ተገኝቶበት ጽሑፉ ተሰርዞ፣ ተስተካክሎ እንደገና ታተመ፤ ተስፋውም አብሮ ጠፋ።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ ላስገባ። ከጠቀስኳቸው የጂን አሰሳዎች ትልልቆቹ በሙሉ የአውሮፓ ዘር ያላቸው ሰዎች ላይ የተሠሩ ናቸው። በ2020 ከ23 የአፍሪካ አገሮች 129 ጥናቶችን የደመረ ግምገማ፣ ከ50 ናኖሞል በታች ያሉት ከመቶ 34 እንደሆኑ ቆጥሯል፤ ማን ጎደለው የሚለውን በመጠኑ እናውቃለን ማለት ነው። በጂሲ1ኤፍ የበዛ ሕዝብ ውስጥ ያ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ግን ለእኛ ብሎ በዚያ ስፋት የመረመረ የለም። እስከዚያው ሐኪሞች ቁጥሩን ብቻውን ከማንበብ የፓራታይሮይድ ሆርሞንን፣ የካልሲየምንና አልካላይን ፎስፋቴዝ የሚባለውን ኢንዛይም አብረው ቢያዩ ይሻላል፤ ሰውነት በእርግጥ ከጎደለው እነዚህ ይናገራሉ።

ዘር ዋናውን ወንበር የሚይዝበት ቦታ ግን አለ፤ ሰዉ ጥቂት ነው እንጂ። ፀሐይ እየሞቀ፣ ቫይታሚን ዲ እየተሰጠው ሪኬትሱ የማይሻለው ልጅ፣ ይልቁንም ወንድም ወይም እኅቱ እንደሱ ከሆኑ ወይም ወላጆቹ ከተዛመዱ፣ ከጂኖቹ አንዱ ተሰብሮበት ይሆናል። የኩላሊቱ ሲዋይፒ27ቢ1 ከሆነ ተራው ቫይታሚን ወደ ሆርሞን አይለወጥለትም፤ ካልሲትሪዮል የተባለውን የተዘጋጀ ሆርሞን ሲሰጡት ግን ይቃናል። የጉበቱ ሲዋይፒ2አር1 ስብራት በ2004 ከናይጄሪያ በመጣ ቤተሰብ ውስጥ በሞለኪውል ደረጃ ታውቋል፤ ፀሐይ በሞላበት አገር ማለት ነው። ቪዲአር የተሰበረበት ደግሞ ሆርሞኑ ሞልቶ እያለ ሴሎቹ አይሰሙትም፤ አንዳንዶቹ ልጆች ፀጉር የላቸውም።

ተቃራኒውም አለ። ሰባባሪው ሲዋይፒ24ኤ1 የማይሠራለት ልጅ ለሌላው የተለመደ መጠን ይበዛበታል። በ1950ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ የሕፃናት ምግብ በቫይታሚን ዲ ሲሞላ ካልሲየማቸው አሻቅቦ የታመሙ ሕፃናት ነበሩ፤ በ2011 ይህ ጂን ሲታወቅ ከእነሱ ቢያንስ አንዳንዶቹ ለምን ከሌሎቹ ተለይተው እንደተጎዱ ግልጽ የሆነ መሰለ። ለሪኬትስ በአንድ ጊዜ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዩኒት በመርፌ የሚሰጥበት አሠራር ባለበት አገር፣ መርፌው ከመወጋቱ በፊት ከቤተሰቡ የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ምንም አያስወጣም።